አለቃዬ «ደርሷል» ብቻ ይሉኛል

ከደሴ የደረሰን ደብዳቤ አጠር ተደርጎ ይኸውና፦

«ጤና ይስጥልኝ። የ28 ዓመት ሴት ነኝ። አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ በሂሳብ ሠራተኛነት አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ዓምና እናቴ ስለታመመች ደሴ ገባሁ። ድርጅቱም ‹ከዚያው ሆነሽ ሥሪ› አለኝ፤ ላፕቶፕ ሰጡኝ። መጀመሪያ ላይ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ግራ ገብቶኛል።

አለቃዬ የምልከውን ሁሉ ‹ደርሷል› ብለው ያልፉታል። ጥሩ ይሁን መጥፎ የማውቀው ነገር የለም። ከዚያ ድንገት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ደውለው ‹የት ነሽ?› ይላሉ። ባለፈው ወር የስድስት ወር ምዘናዬ መጣ። ‹ተጠያቂነት ይጎድላታል› የሚል ተጽፎበታል። ምን አጠፋሁ ብዬ ስጠይቅ፣ ‹እዚህ ያሉትን አያቸዋለሁ፤ አንቺ ግን ምን ላይ እንዳለሽ አይታወቅም› አሉኝ። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ‹እሷ ቤት ናት› እየተባለ ለቡናውም፣ ለገበያውም፣ ለለቅሶውም ቀድሜ የምጠራው እኔ ነኝ።

ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። አንድ ማክሰኞ የባንክ ማስታረቂያ፣ ማለትም የእኛን መዝገብ ከባንኩ ጋር የማመሳክርበትን ሰነድ፣ በሰዓቱ ሳላስረክብ ቀረሁ። ‹መብራት ጠፍቶ ነው› አልኩ። መብራት አልጠፋም ነበር። ጎረቤት ቡና ላይ ነበርኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኬ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ። ሥራውን ብተወው ይሻል ይሆን?»

እህትዓለም፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በመጀመሪያው በአለቃሽ ተናደድኩ። በሁለተኛው ግን ዓይኔ ያቺ ማክሰኞ ላይ ቀረ። ስለ አለቃሽ ብዙ ጽፈሻል፤ ስለ ማክሰኞ የጻፍሽው ጥቂት ነው። ስልክ ሲጮህ የሚያስደነግጥሽ ግን እሷ ናት።

የመጨረሻ ጥያቄሽን አስቀድሜ ልመልስ። አሁን አትልቀቂ። መልቀቅ መብትሽ ነው፤ ነውርም የለበትም። ግን ዛሬ ብትለቂ ምን እንደለቀቅሽ ሳታውቂ ነው። አለቃሽ በሥራሽ ይደሰቱ ይከፉ አታውቂም። እሳቸውም ቀኑን እንዴት እንደምታሳልፊው አያውቁም። ሁለታችሁ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቃችሁ የማታውቁትን በግምት እየሞላችሁ ነው። አንቺ «ሥራዬን ንቀውታል» ብለሽ ሞላሽው። እሳቸው «ምን ላይ እንዳለች አይታወቅም» ብለው ሞሉት። ሁለቱም ግምት ነው።

ቢሮ ሳለሽ ይህ አልነበረም። ወረቀት ይዘሽ ስትገቢ ፊታቸውን ታያለሽ። ቅንድባቸው ከፍ ካለ አንድ ቁጥር እንደተዛባ ይገባሻል። ኮሪደር ላይ «ያቺ የጉምሩክ ደረሰኝ ተገኘች?» ይሉሻል። ከምሳ ስትመለሱ «የትናንቱ ጥሩ ነበር» ይሉና ያልፋሉ። ማንም ግብረ መልስ ብሎ አይጠራውም እንጂ ግብረ መልሱ እሱ ነበር። አንቺም ፊታቸውን እያየሽ ነበር ሥራሽን የምታስተካክዪው። ላፕቶፑ አብሮሽ ደሴ መጣ፤ ኮሪደሩ ግን እዚያው ቀረ። ለዚያ ምትክ ማንም አላዘጋጀላችሁም። ድርጅቱም አላሰበበትም፣ አለቃሽም አላሰቡበትም፣ አንቺም አላሰብሽበትም።

ይህ ያንቺ ብቻ ችግር እንዳይመስልሽ። ኒኮላስ ብሉም የሚባሉ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚስት ከባልደረቦቻቸው ጋር ሲትሪፕ በተባለ የቻይና የጉዞ ድርጅት ውስጥ ያደረጉት ጥናት አለ። ስልክ የሚመልሱ ሠራተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ ዘጠኝ ወር ከቤት፣ ግማሾቹ ከቢሮ ሠሩ። ከቤት የሠሩት ውጤታቸው በ13 በመቶ በለጠ። እዚህ ላይ ብናቆም ደስ የሚል ወሬ ነበር። ግን እነዚያው ሰዎች ከሥራ ውጤታቸው ጋር ሲነጻጸር የደረጃ ዕድገት የማግኘት ዕድላቸው ቀነሰ። በልጠው ሠርተው ወደ ኋላ ቀሩ ማለት ነው። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል የሚለው የእኛ አባባል እዚያም ሠራ። ጥናቱ ሲያልቅም ከቤት ይሠሩ ከነበሩት ግማሽ ያህሉ ወደ ቢሮ መመለስ መረጡ። ብቸኝነቱ ከብዷቸው ነበር።

የአለቃሽ ጥርጣሬም እንዲሁ የብዙ አለቆች ነው። ማይክሮሶፍት በ2022 እ.ኤ.አ. በ11 አገሮች 20,000 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ከሠራተኞቹ 87 በመቶው «በደንብ እየሠራን ነው» አሉ። ሠራተኞቻቸው በደንብ እንደሚሠሩ ሙሉ እምነት አለን ያሉት አለቆች ግን 12 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ሁሉ ልዩነት በሰነፍ ሠራተኛ ወይም በክፉ አለቃ ብዛት የመጣ አይመስለኝም። ሰው የማያየውን ነገር ይጠረጥራል።

እኔም በዚህ ጥፋት ውስጥ ነበርኩ። በመጋቢት 2012 ኮሮና ሲመጣ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛ ወደ ቤት ሲልኩ፣ በምሠራበት ድርጅት አራት ሰዎች በእኔ ሥር ነበሩ። አንዱ ወልድያ ነበር። ሪፖርቱ ከሁሉም የጠራ ነው። ምንም የማርምበት ስላልነበረ ምንም አልልም ነበር። ጊዜዬ ሁሉ የሚያልቀው ከሚሳሳቱት ጋር ነው። ዝምታዬን እንደ ምስጋና ቆጥሬው ነበር። በሰባተኛው ወር ልጁ ለቀቀ። ስንሰነባበት «የምጽፈውን የሚያነበው ሰው ያለ አልመሰለኝም» አለኝ። አንድም ሪፖርቱን ሳላነብ አልቀረሁም ነበር። ግን ይህን እሱ በምን ይወቅ? እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል። ስለዚህ የአለቃሽን «ደርሷል» እንደ ንቀት አትቁጠሪው። ምናልባት ሥራሽ ስለሚያረካቸው ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ማታ ማታ ቁጥሮችሽን ራሳቸው እያስተካከሉ ቂም እየያዙ ይሆናል። ሁለቱም ይቻላል። የሚታወቀው ሲጠየቁ ብቻ ነው።

በእኛ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ይሉኝታ። እኛ ሰው ፊት ለፊት «ይህ ተበላሽቷል» ማለት ይከብደናል። ዙሪያውን እንሄዳለን። «አይዞሽ፣ ትንሽ ብታዪው» እንላለን። ፊት ለፊት ሲሆን ይህ ይሠራል፤ ድምፁም ፊቱም የጎደለውን ይሞላዋል። በቴሌግራም ግን ዙሪያ ጥምጥም መሄጃ የለም። መጻፍ ያሳፍራል፣ መደወል ያስጨንቃል፣ ስለዚህ «ደርሷል» ይባልና ይታለፋል። ያልተባለው ሁሉ ሲጠራቀም ይቆይና የምዘና ወረቀት ላይ በአንድ ቃል ይወጣል። ‹ተጠያቂነት ይጎድላታል› የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ስድስት ወር ሙሉ ያልተነገረሽ ነገር ናት። በዚህ አለቃሽ አጥፍተዋል። ሰው በምዘና ቀን መጀመሪያ የሚሰማው ወቀሳ መኖር የለበትም።

አሁን ወደ ማክሰኞ ልመለስ።

ወሎ ውስጥ ከቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ መብራት በእውነት ይጠፋል፣ ኔትወርክ በእውነት ይቋረጣል። አዲስ አበባ ያለው አለቃ ይህን መጥቶ ማጣራት አይችልም። ያለው ቃልሽ ብቻ ነው። ቢሮ ብትሆኚ ፊትሽ፣ ጠረጴዛሽ፣ አጠገብሽ ያለው ሰው ሁሉ ይመሰክርልሻል። እዚህ የሚመሰክርልሽ ቃልሽ ብቻ ነው። አንዴ መብራት ሳይጠፋ «ጠፋ» ካልሽ፣ በእውነት የሚጠፋበት ቀን ስትናገሪ ራስሽም ድምፅሽ ይንቀጠቀጣል። ሌላም አለ። ነገ ከኮምቦልቻ ወይም ከሐይቅ ሆኖ ለዚያው ድርጅት መሥራት የሚፈልግ ልጅ ሲመጣ፣ የሚታመነው ወይም የማይታመነው ባንቺ ቃል ተለክቶ ነው። ሸክም ልጨምርብሽ ብዬ አይደለም። እንዲያው ጥፋትሽ ከአንድ የዘገየ ሰነድ እንደሚበልጥ አንቺም ስለገባሽ ነው የጻፍሽልኝ።

ንገሪያቸው። በጽሑፍ ሳይሆን በስልክ። ጽሑፍ ይደርቃል፤ ድምፅሽ ውስጥ ያለው ጸጸት አይታይበትም። አታስረዝሚው። ስለ እናትሽ ሕመም አታንሺ፣ ስለ ጎረቤት ባህል አታብራሪ። እንዲህ ብትዪ ይበቃል፦ «አቶ እገሌ፣ አንድ የማርመው ነገር አለኝ። ያን ማክሰኞ ማስታረቂያውን ያዘገየሁት መብራት ጠፍቶ አይደለም። ጎረቤት ሄጄ ሰዓቱ አለፈብኝ። እውነቱን አልነገርኩዎትም፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከእንግዲህ አንድ ነገር ሊዘገይብኝ ከሆነ ሰዓቱ ሳይደርስ አሳውቅዎታለሁ።»

ሊቆጡ ይችላሉ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ሊሰጡሽ ይችላሉ። አይደርስም ብዬ አልዋሽሽም። ግን ከምዘናሽ ላይ ያቺን ቃል የሚፍቅ ሌላ መንገድ አይታየኝም። ምክንያቱም ተጠያቂነት ማለት አለመሳሳት አይደለም። ሳይጠየቁ መናገር ነው። ከሩቅ ሆኖ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ከዚህ ሌላ መታያ የለውም።

ይህን ካደረግሽ በኋላ የቀረው ቀላል ነው። ሥራ ስትጨርሺ በየቀኑ አንዲት አጭር መልእክት ላኪ። ያለቀው፣ የቆመው፣ የነገው። ለምሳሌ፦ «የሁለቱ ባንኮች ማስታረቂያ አልቋል። የአቅራቢዎች ክፍያ ተዘጋጅቶ ፊርማ ይጠብቃል። የመጋዘን ቆጠራው አልደረሰኝም፤ ዛሬ ከመጣ ነገ እስከ 6 ሰዓት እጨርሰዋለሁ።» በቃ። ሦስተኛዋን ዓረፍተ ነገር ተመልከቻት። ቆጠራው ካልመጣ ጥፋቱ ያንቺ እንዳልሆነ ሳትከራከሪ አስቀድመሽ አሳወቅሽ። በየሰዓቱ «አለሁ፣ አለሁ» እያልሽ ግን አትጻፊ። ቴሌግራም ላይ ‹ኦንላይን› ሆኖ ለመታየት ስልክ እየነካኩ የሚውሉ ሰዎች አውቃለሁ። ያ ሥራ አይደለም፤ ራስን ማሰቃየት ነው።

መብራት ሲጠፋ ቀኑን፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደጠፋና የትኛው ሥራ እንደቆመ ደብተር ላይ ጻፊ። የምትሠሪበትን ፋይል ላፕቶፑ ላይ አውርደሽ አስቀምጪ፤ ኔትወርክ ባይኖርም ባትሪው እስኪያልቅ ያሠራሻል። ደሴ ፒያሳ ወዳሉት ካፌዎች ሄደሽ የምትሠሪ ከሆነም የድርጅቱን ሂሳብ ሰው በሚያይበት ወንበር ላይ አትክፈቺ።

አሁን ግብረ መልሱን እንዴት ታገኚዋለሽ? «ሥራዬ እንዴት ነው?» ብለሽ ከጠየቅሽ «ጥሩ ነው» ይሉሻል። ይሉኝታ ያለው ሰው ሌላ ምን ይላል? ጥያቄው ጠባብ ይሁን። «በዚህ ወር መዝጊያ ሪፖርት ላይ እኔ ከላክሁት በኋላ እርስዎ ራስዎ ያስተካከሉት ቁጥር አለ?» ብለሽ ጠይቂ። ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። አለቃሽ ፍርድ እንዲሰጡ አያስገድዳቸውም፤ የሠሩትን እንዲናገሩ ብቻ ነው። «አዎ፣ ሁለት ቦታ ዶላሩን በተሳሳተ ምንዛሪ አስልተሽው ነበር» ካሉሽ፣ ስድስት ወር ያጣሽውን አገኘሽ ማለት ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ምዘናው ነው፦ «ተጠያቂነት ይጎድላታል ያሉትን ለማስተካከል፣ በሚቀጥሉት ስድስት ወራት ምን ቢያዩ ሐሳብዎ ይቀየራል?» መልሱን ጻፊው። ከዚያ የጻፍሽውን በቴሌግራም መልሰሽ ላኪላቸው፤ «እንዲህ ነው የተረዳሁት» ብለሽ። በሚቀጥለው ምዘና ሁለታችሁም የምታዩት አንድ ወረቀት ይኖራል።

በየሁለት ሳምንቱ የ20 ደቂቃ ስልክ እንዲኖራችሁም ጠይቂያቸው። ቪዲዮ አያስፈልግም፤ ዳታ ሲጠፋም ተራ ስልክ ይሠራል። ደግሞ የሚከብድ ነገር ሲነግሩሽ ወዲያው መልስ አትስጪ። «ገባኝ፣ አስተካክላለሁ» በዪ፣ በሚቀጥለው ስልክ ያስተካከልሽውን አንሺ። ወቀሳ በተናገረ ቁጥር ክርክር የሚጠብቀው አለቃ ተመልሶ ወደ «ደርሷል» ነው የሚገባው።

የምሽቱ 3 ሰዓት ስልክስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ከቤት መሥራትሽ ሌሊትሽንም የድርጅቱ አያደርገውም። ግን በአዋጁ አትጀምሪ። የዕለቱ መልእክትሽ በየቀኑ ከደረሳቸው «የት ነሽ?» የሚለው ስልክ ራሱ የሚቀንስ ይመስለኛል። ካልቀነሰ፣ በሁለት ሳምንቱ ስልክ ላይ «ከ2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ሁልጊዜ ያገኙኛል፤ ከዚያ በኋላ አስቸኳይ ሲሆን ብቻ ቢደውሉልኝ» በያቸው።

የሰፈሩ ነገር ግን ከአለቃሽ ይበልጥ የሚከብድ ይመስለኛል። እኔም የተወለድኩት እዚሁ ነው። ወሎ ውስጥ ቡና ማለት አቦል ጠጥቶ የሚነሱበት አይደለም። አቦሉ አለ፣ ቶናው አለ፣ በረካው አለ። ምርቃት ሳይቀበሉ መነሳት ደስ አይልም። ጠዋት 4 ሰዓት የተጠራሽበት ቡና ምሳ ሰዓት ላይ ይለቅሻል። ደግሞ እናትሽ ሲታመሙ ቀድመው የደረሱት እነዚሁ ጎረቤቶች ናቸው። ስለዚህ «ሥራ ላይ ነኝ» ብለሽ በር ዝጊ አልልሽም። አንዴ የተዘጋ የጎረቤት በር ለመክፈት ከሥራም በላይ ያደክማል።

እናትሽ ይናገሩልሽ። አንቺ ስትናገሪ ኩራት ይመስላል፤ እሳቸው ሲናገሩ ጉዳይ ይሆናል። «ልጄ ቤት ብትሆንም ሥራ ላይ ናት፣ አለቃ አለባት፣ 11 ሰዓት ላይ ትመጣላችኋለች» ይበሉላቸው። ሰው ያልገባው ነገር ላፕቶፕ ፊት መቀመጥ ሥራ መሆኑ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ አንቺ ራስሽ ቡና አፍዪና ጥሪያቸው። ተረጋግተሽ እስከ በረካው ተቀመጪ። የማክሰኞዋን ቡና ያበላሸብሽ ከሥራ ሰዓት ሰርቀሽ መሄድሽ ነው፤ እየጠጣሽ ስልክሽን ስታዪ የነበርሽ ይመስለኛል።

ለቅሶ ሲሆን ሂጂ። ለቅሶ አይቀርም፤ አለቃሽም የዚሁ አገር ሰው ናቸው። ከመሄድሽ በፊት ግን «ጎረቤት ለቅሶ አለብኝ፣ ከ4 እስከ 7 ሰዓት አልኖርም፣ የጎደለውን ማታ አሟላለሁ» ብለሽ ጻፊ። ለቅሶ ሄደች ብሎ የሚቀየም አለቃ ጥቂት ነው። ቅር የሚላቸው ሲደውሉልሽ ሳትነሺ ስትቀሪ ነው።

ይህን የምታነቡ አለቆችም ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሩቅ ላለ ሠራተኛችሁ በሳምንት አንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ጻፉለት። «የዕዳ ዝርዝሩን በቀን ስለደረደርሽው ለኦዲተሩ ቀለለው» ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የተበላሸም ካለ በዚያው ሳምንት ንገሩት። የሠራተኛውን ስክሪን ፎቶ እያነሳ የሚልክ ፕሮግራም ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ለሦስት ወር ሞክሩት። የወልድያው ልጅ ለቅቆብኝ ነው እኔ ይህን የተማርኩት።

እህትዓለም፣ ሰኞ ጠዋት ደውዪ። ወሩ ሲዘጋ ግን አይሁን፤ ያኔ ማንም ሰው ጆሮ የለውም። ያሉሽን ጻፊልኝ፣ ቢቆጡም ጻፊልኝ። ካነጋገርሻቸው በኋላ፣ ሥራሽንም እያሳወቅሽ፣ ሦስት ወር ቆይተሽ አሁንም መልሳቸው «ደርሷል» ብቻ ከሆነ፣ ያኔ ስለ መልቀቅ አብረን እናወራለን። ሥራ ማፈላለጉንም ያኔ አግዝሻለሁ።

እናትሽን ፈጣሪ ይማርልሽ።